የስርቆት ብዛት በሠፈርና በሠፈር ሲነጻጸር፤ እውነተኛውን ልዩነት ከአጋጣሚ ለይቶ ስለ ማወቅ

ነጋዴን ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ስርቆት መሆኑን ሱቅ ከፍቶ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። ዕቃውን በመጋዘን ያከማቸ አስመጪ፥ ለመላክ ያዘጋጀውን ቡና በጆንያ ደርድሮ የሚጠባበቅ ላኪ፥ በመንገድ ዳር መደብር ያለው ቸርቻሪ፥ ሁሉም «የትኛው ሠፈር ይሻላል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ከመጠየቅም አልፈው በሚያገኙት መልስ መሠረት ገንዘብ ያወጣሉ። አንዱ መጋዘኑን ያዛውራል፤ ሁለተኛው ዘበኛ ይጨምራል፤ ሦስተኛው ለመድን ኩባንያ የሚከፍለው አረቦን ከፍ ሲልበት «ሠፈሩ ክፉ ነው» ስለ ተባለ ብቻ ዝም ብሎ ይከፍላል።

ይህን የመሰለ ውሳኔ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በአንድ ወሬ ወይም በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ነው። «ባለፈው ዓመት በዚያ ሠፈር 11 ሱቆች ተሰበሩ፤ በዚህኛው ግን 6 ብቻ» ይባላል። ቍጥሩ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የቍጥሩ እውነተኛነትና ከቍጥሩ የተወሰደው ፍርድ እውነተኛነት አንድ አይደሉም። ስርቆት በቀጠሮ የሚመጣ ነገር ስላልሆነ፥ አንድም የተለወጠ ነገር ሳይኖር በአንዱ ዓመት የበዛበት ሠፈር በሚከተለው ዓመት ሊያንስበት ይችላል። እንግዲህ መጠየቅ የሚገባው «ልዩነት አለ ወይ?» ተብሎ ብቻ አይደለም፤ «ይህን የሚያህል ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ይችላልን?» ተብሎ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ የሒሳብ ዘዴ አለ። ሊቃውንቱ «ፐርሙቴሽን ቴስት» ይሉታል፤ በአማርኛ ቢተረጐም «በዕጣ እያፈራረቁ መመዘን» ማለት ይሆናል። ስሙ ቢከብድም ሥራው ቀላል ስለ ሆነ፥ መደመርና ማካፈል የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሊረዳው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አስቀድሞ ቍጥሩን ስለ ማስተካከል

ከመመዘን በፊት ሚዛኑ ይስተካከላል። 200 ሱቆች ባሉበት ሠፈር 10 ቢሰበሩና 50 ሱቆች ባሉበት ሠፈር 5 ቢሰበሩ፥ በብዛት የሚበልጠው የፊተኛው ነው። ከመቶው ሲታሰብ ግን የፊተኛው 5፥ የኋለኛው 10 ስለ ሆነ፥ የባሰ ጉዳት የደረሰበት የኋለኛው ነው። ስለዚህ የተሰበረው ሱቅ ብዛት በጠቅላላው የሱቅ ብዛት መካፈል አለበት።

ይህን አካሄድ ቀድመው ከተጠቀሙበት ሰዎች አንዱ አንድሬ ሚሼል ጌሪ የተባለ ፈረንሳዊ ጠበቃ ነበር። ጌሪ በ1833 ዓ.ም. ስለ አገሩ ወንጀል ባወጣው መጽሐፍ በእያንዳንዱ አውራጃ አንድ ተከሳሽ ለስንት ነዋሪ እንደሚደርስ አስልቶ፥ ውጤቱን በካርታ ላይ በጥላ ድምቀት አሳየ። በሰው አካል ላይ የሚደርሰው ወንጀል በደቡብ፥ በንብረት ላይ የሚደርሰው ደግሞ በሰሜን መብዛቱን ገለጠ። ትምህርት የተስፋፋባቸው አውራጃዎች ወንጀል ያንስባቸዋል ተብሎ ይታመን የነበረውም በአኀዙ እንዳልተደገፈ አመለከተ። ይህ ለዘመኑ ታላቅ ሥራ ነበር። ሆኖም ካርታው ያሳየው ልዩነት ምን ያህሉ የአጋጣሚ ሥራ ሊሆን እንደሚችል የሚመዝን መሣሪያ በዚያን ጊዜ አልነበረም።

ከመቶው ማስላት ራሱ አንድ አደጋ አለው። 10 ሱቆች ብቻ ባሉበት ትንሽ ሠፈር አንዲት ሱቅ ስትሰበር ከመቶው 10 ይሆናል፤ ሁለት ቢሰበሩ 20 ይሆናል። 500 ሱቆች ባሉበት ትልቅ ገበያ ግን አንዲት ሱቅ መጨመሯ በስሌቱ ላይ አይታወቅም። ስለዚህ በሰንጠረዡ ከላይም ከታችም ጫፍ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ትንንሾቹ ሠፈሮች ናቸው። ምክንያቱም ሌባው ስለ በዛ ወይም ስላነሰ ላይሆን፥ ቍጥራቸው በትንሹ ስለሚናወጥ ሊሆን ይችላል።

የዕቁብ ምሳሌ

ዘዴውን ለመረዳት ዕቁብን ማስታወስ ይበቃል። 20 አባሎች ባሉበት ዕቁብ የዳኛው ዘመዶች ሦስት ናቸው እንበል። የመጀመሪያው ዕጣ ከሦስቱ ለአንዱ ቢወጣ ማንም አይደነቅም፤ ከ20 ጊዜ 3 ጊዜ ሊሆን የሚችል ነገር ነውና። ሦስቱም ዘመዶች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዕጣዎች በተከታታይ ቢወስዱ ግን አባሎቹ ማጉረምረማቸው አይቀርም። ማጉረምረማቸውም በሒሳብ የተደገፈ ነው። ከ20 ሰዎች ሦስት ሰዎችን ለመምረጥ 1,140 መንገዶች ስላሉ፥ ንጹሕ ዕጣ እንዲህ ያለውን ውጤት የሚያመጣው ከ1,140 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አባሎቹ ሳያውቁት የሠሩት ሥራ በዕጣ እያፈራረቁ መመዘን ነው። ዕጣው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ሊወጡ የሚችሉትን ውጤቶች ሁሉ በልባቸው ደረደሩ፤ በዓይናቸው ያዩትን ከእነዚያ ጋር አስተያዩ፤ እጅግ ብርቅ ሆኖ ስላገኙት ተጠራጠሩ። የስርቆት አኀዝም የሚመዘነው በዚሁ መንገድ ነው።

ስምንት ሠፈሮች፥ ስምንት ቁራጭ ወረቀቶች

ለማስረዳት ያህል የተሰናዳ አንድ ምሳሌ እነሆ። በአንድ ከተማ እያንዳንዳቸው 100 ሱቆች ያሏቸው ስምንት ሠፈሮች አሉ እንበል። በአራቱ ሠፈሮች ነጋዴዎቹ ገንዘብ አዋጥተው የሌሊት ዘበኞች ቀጠሩ፤ በአራቱ አልቀጠሩም። ዓመቱ ሲያልቅ የተሰበሩት ሱቆች ሲቈጠሩ፥ ዘበኛ በቀጠሩት ሠፈሮች 3፥ 5፥ 6 እና 8 ሆኑ። ባልቀጠሩት ደግሞ 4፥ 9፥ 10 እና 11 ሆኑ። የፊተኞቹ ድምር 22፥ አማካዩም 5.5 ነው። የኋለኞቹ ድምር 34፥ አማካዩም 8.5 ነው። ልዩነቱ በየሠፈሩ 3 ሱቅ ሲሆን፥ ከመቶው ወደ 35 የሚጠጋ ቅናሽ ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው «ዘበኛው ሠርቷል፤ በሁሉም ሠፈር ይቀጠር» ማለቱ አይቀርም። ነገሩ ግን ገንዘብ የሚጠይቅ ነው። እያንዳንዱ ሱቅ በወር 200 ብር ቢያዋጣ፥ በአንድ ሠፈር በወር 20,000፥ በዓመት 240,000 ብር ይወጣል። በዚህ ገንዘብ የሚድኑት ሱቆች ሦስት ከሆኑ፥ አንዲትን ሱቅ ለማዳን 80,000 ብር ወጣ ማለት ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ፥ ነጋዴዎቹ በአንድ ስርቆት የሚደርሰውን ጉዳት ከ80,000 ብር ጋር አስተያይተው መወሰን ይችላሉ። ልዩነቱ የአጋጣሚ ከሆነ ግን 240,000 ብሩ በከንቱ ፈሰሰ። «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» እንዳይሆን መመዘን የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው።

አመዛዘኑ እንደሚከተለው ነው። ለጊዜው «ዘበኛው ምንም አልጠቀመም» ብለን እናስብ። ይህ ሐሳብ እውነት ከሆነ፥ 3 ሱቆች የተሰበሩበት ሠፈር ዘበኛ ቢኖረውም ባይኖረውም ያው 3 ይሰበሩበት ነበር፤ 11 የተሰበሩበትም ያው 11 ይሆንበት ነበር። «ዘበኛ ያለው» እና «ዘበኛ የሌለው» የሚሉት ቃላት እንዲያው የተለጠፉ ስሞች ብቻ ይሆናሉ። ስሞቹም ቢለዋወጡ የሚጎዳ ነገር የለም ማለት ነው።

እንግዲህ ስምንቱ ቍጥሮች በስምንት ቁራጭ ወረቀቶች ላይ ይጻፋሉ። ወረቀቶቹ ተጠቅልለው በባርኔጣ ውስጥ ከተደባለቁ በኋላ አራቱ እየወጡ «ዘበኛ ያላቸው» ይባላሉ። ከስምንት አራት ለማውጣት 70 መንገዶች አሉ። ከእነዚህ ከ70ዎቹ ውስጥ ድምራቸው 22 ወይም ከዚያ በታች የሚሆነው ስንቶቹ ናቸው? በእርሳስና በወረቀት ሲቈጠሩ የሚገኙት እነዚህ ሰባት ናቸው፤

3፥ 4፥ 5፥ 6 ድምሩ 18
3፥ 4፥ 5፥ 8 ድምሩ 20
3፥ 4፥ 5፥ 9 ድምሩ 21
3፥ 4፥ 6፥ 8 ድምሩ 21
3፥ 4፥ 5፥ 10 ድምሩ 22
3፥ 4፥ 6፥ 9 ድምሩ 22
3፥ 5፥ 6፥ 8 ድምሩ 22

የመጨረሻው በእውነት የታየው ነው። ስለዚህ ዘበኛው ምንም ባይጠቅም እንኳ፥ ይህን የሚያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ቅናሽ ከ70 ጊዜ 7 ጊዜ፥ ማለትም ከአሥር አንድ ጊዜ፥ በዕጣ ብቻ ሊመጣ ይችላል። ከመቶው 35 ቅናሽ ተብሎ ሲነገር ታላቅ የሚመስለው ነገር፥ ሲመዘን ከአሥር ዕቁብተኞች የአንዱ ዕጣ በመጀመሪያ እንደ መውጣቱ ያህል የተለመደ ሆኖ ተገኘ።

ጥያቄው «ዘበኛው ስርቆትን ቀነሰ ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አለ ወይ?» ተብሎ ከተነሣ ደግሞ በተቃራኒው በኩል ያሉት ሰባት መንገዶችም ይቈጠራሉ። በዚህን ጊዜ ከ70 ጊዜ 14 ጊዜ፥ ማለትም ከአምስት አንድ ጊዜ ይሆናል። የትኛው ጥያቄ እንደሚነሣ ግን አኀዙ ከመታየቱ በፊት መወሰን አለበት። ካዩ በኋላ የሚስማማውን ጥያቄ መምረጥ፥ ዕጣው ከወጣ በኋላ ስም እንደ መጻፍ ይቈጠራል።

አሁን ውጤቱ ሌላ ነበር እንበል። ዘበኛ ያላቸው 3፥ 4፥ 5 እና 6፥ የሌላቸው 8፥ 9፥ 10 እና 11 ቢሆኑ፥ ከ70 መንገዶች እንዲህ ያለውን የሚያመጣው አንዱ ብቻ ነው። ከመቶው አንድ ተኩል እንኳ አይሞላም። በዚህ ጊዜ «አጋጣሚ ነው» የሚለው ሐሳብ በጣም ይደክማል። ሊቃውንቱ በልማድ ድንበሩን ከ20 አንድ ላይ ያደርጉታል፤ ከዚያ የበለጠ ብርቅ የሆነውን ውጤት «በአጋጣሚ የሚሳበብ አይደለም» ይላሉ። ይህ ድንበር ግን ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚያወጣ ነጋዴ ከዚያ የጠነከረ ማስረጃ ቢጠይቅ የሚነቅፈው የለም።

ሠፈሮቹ ሲበዙ በእጅ መቍጠር አይቻልም። 40 ሠፈሮች በሃያ ሃያ ቢከፈሉ፥ የመከፈያው መንገድ ከ137 ቢሊዮን በላይ ነው። በዚህ ጊዜ ኮምፒዩተር 10,000 ጊዜ ያህል ዕጣ እንዲያወጣ ይደረግና፥ ከታየው ልዩነት የሚተካከል ወይም የሚበልጥ ስንት ጊዜ እንደ ወጣ ይቈጠራል። በእውነት የታየውም እንደ አንድ ዕጣ ተቈጥሮ በሁለቱም ወገን ይደመራል። ለምሳሌ 180 ጊዜ ቢወጣ፥ 181 ለ10,001 ይካፈላል፤ መልሱም ከመቶው 1.8 ያህል ይሆናል።

የዘዴው አመጣጥ

ይህን አስተሳሰብ በግልጥ ያስረዳው ሮናልድ ፊሸር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። ፊሸር በ1935 ዓ.ም. ስለ ሙከራ አዘገጃጀት ባሳተመው መጽሐፍ የአንዲት ሴትን ነገር ያነሣል። ሴቲቱ በሲኒው ውስጥ በመጀመሪያ የተቀዳው ወተቱ ይሁን ሻዩ ቀምሳ እንደምታውቅ ተናገረች። ፊሸርም ስምንት ሲኒዎች ተዘጋጅተው፥ አራቱ ወተት የቀደመባቸው፥ አራቱ ሻይ የቀደመባቸው ሆነው፥ በዕጣ ተደባልቀው እንዲቀርቡላት አሰበ። ያለ ዕውቀት በግምት ብቻ ሁሉንም ለይቶ ማግኘት ከ70 ጊዜ አንድ ጊዜ ነው። 70 ያው በስምንቱ ሠፈሮች ምሳሌ የተገኘው ቍጥር መሆኑን አንባቢ ያስተውላል። ቡና ቀማሽ ያለው ላኪ ነጋዴም የሠራተኛውን ምላስ በዚሁ መንገድ ሊፈትን ይችላል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1937 ዓ.ም.፥ በአውስትራሊያ በታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤድዊን ፒትማን ዘዴውን ለማናቸውም ዓይነት አኀዝ እንዲያገለግል አስፋፋው። ነገር ግን ቈጠራው ብዙ ስለ ሆነ፥ ኮምፒዩተር እስኪስፋፋ ድረስ በሰፊው ሊሠራበት አልቻለም። ዛሬ ግን በማናቸውም የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር በጥቂት ሰከንዶች ይሠራል።

በካንሳስ ከተማ የተደረገው ሙከራ

በሠፈርና በሠፈር መካከል የወንጀልን ብዛት ለማነጻጸር ከተደረጉት ሙከራዎች በጣም የታወቀው በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ከተማ የተደረገው ነው። የከተማው ፖሊስ ከኦክቶበር 1 ቀን 1972 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1973 ዓ.ም. በደቡብ በኩል ያሉትን 15 የጥበቃ ቀጠናዎች ወስዶ በሦስት ወገን ከፈላቸው። በአምስቱ ቀጠናዎች የፖሊስ መኪና ሰው ሲጠራው ካልሆነ በቀር እንዳይዘዋወር ተደረገ። በአምስቱ ጥበቃው እንደ ወትሮው ሆነ። በቀሩት አምስት የመኪናዎቹ ብዛት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ከፍ አለ።

የጥናቱ ውጤት በ1974 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙ ሰዎችን አስደነገጠ። በስርቆትም ሆነ በሌላው ወንጀል፥ በነዋሪው ፍርሃትም ሆነ በነጋዴዎች አስተያየት፥ በሦስቱ ወገኖች መካከል ከአጋጣሚ የሚያልፍ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። አልፎ አልፎ የታዩት ልዩነቶችም አንዳንዱ ለአንዱ፥ አንዳንዱ ለሌላው የሚያደላ ስለ ነበረ፥ አንድ ወጥ መልክ አልነበራቸውም።

ይህ ሙከራ ስለ ዕጣ አመዛዘን ሁለት ነገር ያስተምራል። የመጀመሪያው፥ ዕጣው የሚፈራረቀው ሙከራው በተዘጋጀበት መልክ መሆን አለበት። 15 ቀጠናዎችን እንዲሁ በአምስት በአምስት ለመክፈል 756,756 መንገዶች አሉ። ነገር ግን የካንሳስ አጥኚዎች አስቀድመው የሚመሳሰሉትን ቀጠናዎች ሦስት ሦስት አድርገው በአምስት ቡድን መድበው፥ ከየቡድኑ አንዱን ለአንዱ ዓይነት ጥበቃ ሰጥተው ነበር። ስለዚህ ስሞቹ ሊለዋወጡ የሚገባቸው በየቡድኑ ውስጥ ብቻ ነው። በአንድ ቡድን ስድስት ዓይነት አለዋወጥ ስላለ፥ በአምስቱ ቡድን 6 በራሱ አምስት ጊዜ ሲባዛ 7,776 ይሆናል። ባለጠጋውን ሠፈር ከድኻው ጋር፥ ጭር ያለውን ከሚተራመሰው ጋር እየለዋወጡ 756,756 ጊዜ ማፈራረቅ ግን ሚዛኑን ያዛባዋል።

ሁለተኛው፥ «ልዩነት አልተገኘም» ማለት «ልዩነት የለም» ማለት አይደለም። ከጥሪ በቀር ፖሊስ የማይዞርባቸውን አምስት ቀጠናዎች ብዙ ፖሊስ ከሚዞርባቸው ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር ብቻ ብናስተያይ፥ በየጥንዱ ሁለት ዓይነት አለዋወጥ ስላለ በጠቅላላው 32 መንገዶች ይገኛሉ። አምስቱም ጥንዶች ወደ አንድ ወገን ቢያደሉ እንኳ የሚገኘው ማስረጃ ከ32 አንድ ነው፤ ከዚያ የሚበረታ ማስረጃ ሊገኝ አይችልም። አራቱ ወደ አንድ ወገን አድልተው አምስተኛው በብርቱ ቢያፈነግጥ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በአጋጣሚ ሊሳበብ ይችላል። በጥቂት ቀጠናዎች ትንሽ ልዩነትን መፈለግ፥ በጆንያ ሚዛን የወርቅ ቀለበትን እንደ መመዘን ነው። ሚዛኑ አለመንቀሳቀሱ ቀለበቱ ክብደት የለውም አያሰኝም።

በሌላ ከተማ፥ በፊላደልፊያ፥ በ2009 ዓ.ም. በበጋ ወራት የተደረገው ሙከራ ይህን ያጐላዋል። በዚያ የኃይል ወንጀል የበዛባቸው 120 ቦታዎች ተመርጠው፥ በ60ዎቹ በእግር የሚዘዋወሩ ፖሊሶች በዕጣ ተመደቡ። በዚህ ጊዜ ፖሊሶቹ በተመደቡባቸው ቦታዎች የኃይል ወንጀል ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ከመቶው 23 ያህል ቀነሰ። የሁለቱ ሙከራዎች ዓይነት የተለያየ ነው። አንዱ በመኪና በሰፊ ቀጠና፥ ሁለተኛው በእግር በጠባብ ቦታ ነበር። የቦታዎቹ ብዛት ግን ልዩነቱ ጐልቶ እንዲታይ መርዳቱ ጥርጥር የለውም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግባቸው ነገሮች

ዘዴው መልካም ቢሆንም ያለ ማስተዋል ቢሠሩበት ያሳስታል። ነጋዴዎች በተለይ አራት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባቸዋል።

አንደኛ፥ ዕጣ የተጓደለ መዝገብን አያቃናም። የመድን ውል ያለው ነጋዴ ኩባንያው የፖሊስ ማስረጃ ስለሚጠይቀው የደረሰበትን ስርቆት ያስመዘግባል። ውል የሌለው ግን «ምን አገኛለሁ?» ብሎ ሊተወው ይችላል። ስለዚህ መድን በበዛበት ሠፈር ስርቆት የበዛ ይመስላል። እንዲህ ያለውን መዝገብ ሺህ ጊዜ ቢያፈራርቁት ስለ ስርቆቱ ሳይሆን ስለ አመዘጋገቡ ይመሰክራል።

ሁለተኛ፥ ከብዙ ሠፈሮች የከፋውን መርጦ ማውገዝ አደገኛ ነው። በእውነቱ ልዩነት የሌላቸው 20 ሠፈሮች ቢኖሩና እያንዳንዱ ለብቻው በ«ከ20 አንድ» ድንበር ቢመዘን፥ በአማካይ አንዱ ያለ ጥፋቱ «ክፉ» መባሉ አይቀርም። ቢያንስ አንድ ሠፈር እንዲህ የመባሉ ዕድል ከመቶው 64 ይደርሳል። መድኃኒቱ በየዕጣው ከሁሉ የከፋውን ሠፈር ቍጥር እየመዘገቡ፥ በእውነት የታየውን የከፋ ቍጥር ከእነዚያ ጋር ማስተያየት ነው። ምክንያቱም በማናቸውም ሰንጠረዥ አንዱ ሠፈር የግድ ከሁሉ በላይ ይሆናል።

ሦስተኛ፥ ጎረቤት ለጎረቤት ይመሳሰላል። አንድ የሌቦች ቡድን በአንድ ወር አራት ተጐራባች ሠፈሮችን ሊያዳርስ ይችላል። አራቱ ሠፈሮች በሰንጠረዡ እንደ አራት ምስክሮች ሆነው ቢታዩም፥ በእውነቱ የሚናገሩት የአንድ ምስክር ቃል ነው። እንደ ልብ ማፈራረቅ የሚፈቀደው አንዱ ሠፈር ከሌላው የተለየ ሆኖ ሲገኝ ነው። ካልሆነ ግን ተጐራባቾቹን እንደ አንድ ቆጥሮ በጅምላ ማፈራረቅ ይሻላል።

አራተኛ፥ ዘበኛው የተቀጠረበት ምክንያት መታየት አለበት። ነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ዘበኛ የሚቀጥሩት ስርቆት እጅግ ከበዛ በኋላ ነው። እጅግ የበዛ ነገር ደግሞ በሚከተለው ዓመት በራሱ ጊዜ ወደ ወትሮው መመለሱ የተለመደ ስለ ሆነ፥ ምስጋናው ለዘበኛው ይሰጣል። ከዚህ ስሕተት የሚያድነው ከመጀመሪያው ዘበኞቹን በዕጣ መመደብ ነው። በፊላደልፊያ የተደረገውም ይኸው ነበር። ዕጣ በመጀመሪያ ከመደበ፥ በመጨረሻ ሲመዝን ቃሉ ይታመናል።

ለነጋዴው የሚጠቅመው አሠራር

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ በቀላሉ ሊፈጸም ይችላል። በአንድ ሠፈር ያሉ ነጋዴዎች የጋራ መዝገብ ከፍተው የተሰረቀበትን ቀን፥ የሱቁን ዓይነት፥ የጠፋውን ዕቃ ግምትና ለፖሊስ መነገር አለመነገሩን በየጊዜው ይጻፉ። ከሌሎች ሠፈሮች ጋር ሲያስተያዩም አስቀድመው የሱቆቹን ብዛት ይቍጠሩ። የሚነሣውን ጥያቄ አኀዙን ከማየታቸው በፊት በጽሑፍ ያስፍሩ። ከዚያ ወዲያ ጸሐፊው በቁራጭ ወረቀትም ሆነ በኮምፒዩተር ዕጣውን ቢያፈራርቅ፥ የታየው ልዩነት ከስንት ጊዜ አንድ ጊዜ በአጋጣሚ ሊመጣ እንደሚችል ለማኅበሩ ለማስረዳት ይችላል።

የመድን ኩባንያ «የእናንተ ሠፈር ከሌላው የባሰ ነው» ብሎ አረቦን ሲጨምርም፥ ነጋዴው ተቈጥቶ ከመመለስ ወይም ዝም ብሎ ከመክፈል ይልቅ ሦስት ጥያቄዎችን ያቅርብ። ቍጥሩ ከስንት ሱቅ የተገኘ ነው? የስንት ዓመት ነው? ይህን የሚያህል ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ከስንት ጊዜ አንዴ ይመጣል? ለሦስቱ መልስ ያለው ኩባንያ ተገቢውን ዋጋ እየጠየቀ ይሆናል፤ መልስ የሌለው ግን የአንድ ዓመት ዕጣን እንደ ዘለዓለም ፍርድ ይዞ ቀርቧል።

በመጨረሻም ነገሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ ሠፈር «የሌባ ሠፈር» የሚል ስም ከወጣለት ደንበኛው ይሸሻል፤ የቤቱ ኪራይ ይወድቃል፤ በዱቤ ዕቃ የሚሰጠው ጅምላ ሻጭም እጁን ይሰበስባል። በዚያ ሠፈር በቅንነት የሚነግደው ሁሉ ዕዳውን ይከፍላል። እንዲህ ያለው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ስምንት ቁራጭ ወረቀቶችን ጠቅልሎ፥ በባርኔጣ አደባልቆ፥ ግማሽ ቀን መቍጠር የሚበዛ ድካም አይደለም።